የጓሳ ጠባቂዎች ቤት ጣሪያ በንፋስ ሄዷል፣ ክረምት ሳይገባ እንድረስለት

ሰላም የመንዝ ልጆች በሙሉ፣ አገር ቤት ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ደብረ ብርሃንም ያላችሁ፣ ባህር ማዶ ያላችሁም። ወሬው ከኔ ቀድሞ እንደደረሳችሁ አውቃለሁ ግን ቤቱን ካሠራው ኮሚቴያችን በኩልም በትክክል ይነገር ብዬ ነው ምጽፈው። እላይ ጓሳ፣ የመንዝ የሣር ጥብቅ ስፍራችን አፋፉ ላይ፣ አምና በመዋጮ የሠራነው የጠባቂዎች ማደሪያ ጣሪያው በንፋስ ተነሥቷል። ሌሊት ነው የሆነው፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየወረደ ነበር፣ መጀመሪያ የጥጉ ቆርቆሮ ጠርዙ ተገለበጠ፣ ከዛ ንፋሱ ከስር ገባና አንዱ አንዱን እየጎተተ ሙልጭ አርጎ ወሰደው፣ ግማሹ ጠዋት ገደል ውስጥ ተጣሞ ነው የተገኘው። ውስጥ የነበሩት ልጆች ግድግዳው ስር ተጣብቀው ባናቸውን ተከናንበው አነጉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አንድም ሰው አልተጎዳም። ዱቄቱ ግን ረጠበ፣ ፍራሹ ረጠበ፣ የመዝገብ ደብተሩ ሳይቀር ረጥቦ ገጹን ከገጹ መለየት አቅቶን ፀሐይ ላይ ዘርግተን ነው ያደረቅነው።

ከመጀመሪያው ልናገርና ለጣሪያው ብር የምታስገቡበት የባንክ ሂሳብ ያው የድሮው ነው። ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም የተከፈተው፣ በያዛችሁት ደረሰኝ ጀርባ ላይ የታተመው ቁጥር። አልተቀየረም። አዲስ ቁጥር ተከፍቷል ብሎ የሚልክላችሁ ሰው ካለ እባካችሁ አትላኩ፣ መጀመሪያ የምታውቁትን የኮሚቴ አባል ጠይቁ።

አንዳንዶቻችሁ "አንድ ቤት ነው፣ ምን ያህል ነገር ነው" ትሉ ይሆናል። ጓሳን የሚያውቅ ግን እንደዛ አይልም። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው፣ ክረምት ላይ ጉሙ ከወረደ አጠገብህ ያለው ሰው አይታይህም። ጠባቂዎቹ ስካውቶች ማደሪያ ከሌላቸው ማታ ወደየቤታቸው መውረዳቸው ነው፣ ሌሊት ጠባቂ እንደሌለ ደግሞ ማጭድ የያዘው ሁሉ ያውቃል። ጣሪያው ከሄደ ወዲህ ባሉት ሳምንታት ብቻ በሁለት ቦታ የታጨደ አግኝተናል፣ ሣሩ በችኮላ ስለታጨደ ጉቶው ከፍና ዝቅ ያለ ነው፣ አጫጁ ቸኩሎ እንደነበር ያስታውቃል። ማን እንደሆነ አልተያዘም፣ እኛም ማንንም አንጠረጥርም። ችግር ያለበት ሰው ሊሆን ይችላል። ግን እንዲያድግ ተብሎ ተዘግቶ ያለው ሣር ዘንድሮ ካለቀ ሲከፈት ሁላችንም ባዶ እጃችንን ነው የምንመለሰው።

ለወጣቶቹ ስል ትንሽ ወደኋላ ልመለስ፣ አዲስ አበባ የተወለዱት ልጆቻችን ጓሳ ሲባል የቱሪስት ቦታ ብቻ ይመስላቸዋል። ጓሳን እስካሁን ያቆየው አባቶቻችን ያቆሙት ሕግ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አቅኚ አባቶቻችን አስቦና ጌራ በተከሉት፣ ቄሮ በሚባለው የሣር መጠበቂያ ሥርዓት ነው ሲጠበቅ የኖረው። ትውልዱ ከነሱ የሚቆጠር ሁሉ ድርሻ ነበረው፣ አለቃውን ሕዝቡ ራሱ ይመርጣል፣ ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፣ በዛ ጊዜ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም ከብትም አይነዳም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ቀን ተቆርጦ ይነገራል፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይወጣል፣ ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣ ነበር፣ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም፣ ለዛም ነው የተከበረው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ርስት ቀረ፣ ከርስቱ ጋር ቄሮውም ቀረ። አዋጁ ለስንቱ ጭሰኛ ቀን እንዳወጣለት እናውቃለን፣ እሱን አልነቅፍም፣ ግን ጓሳ ላይ የደረሰው ነገር ከባድ ነበር። ባለቤት የሌለው መሰለ። ከብቱም ምሳሩም ማጭዱም ያለቀን ገባ፣ ዳር ዳሩ ታረሰ። በኋላ ሽማግሌዎቹና የገበሬ ማኅበራቱ ተሰብስበው መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው እንደገና ባያስቆሙት ኖሮ ዛሬ ስለ ጣሪያ ምናወራበት ምክንያትም አይኖርም ነበር። አሁን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የሚታወቀው ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መሬት በዛ ድካም የተረፈ ነው።

ደግሞ ጓሳ ሩቅ አይደለም፣ እያንዳንዳችን ያደግንበት ቤት ውስጥ አለ። ስንት ዓመት ዝናብ የቻለው የእናቶቻችን ጎጆ ክዳን ጓሳ የሚባለው ሣር ነው፣ ከውስጥ ጭሱ አጥቁሮት ጥላሸቱ እንደ ቀለም የሚያብረቀርቀው። የገለባ ክዳን ስንቴ ተቀይሮ ጓሳው እዛው ነው። ጥጃ የሚታሰርበት ገመድ ጓሳ ነው፣ ሣሩን ውሃ አርሰው በመዳፍና በጭን መሀል ሲገምዱት ካላወቁበት ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ እናቶቻችን ግን እያወሩ ሳያዩት ነበር የሚገምዱት። እረኛ ሆኖ ገሳ ያልለበሰ ማን አለ? ገሳውም ጓሳ ነው፣ ፍራሹ ውስጥ የሚሞላውም ጓሳ ነው። እዛው የሚበቅለው ጨሬንፌ የሚባለው ቁጥቋጦም ምድጃ ላይ ይነዳል። በልግ ሲከዳን፣ ገብሱ ሳይያዝ ሲቀር፣ ከብቱ የሚተርፈው በጓሳ ነው፣ ክፉውን ዘመን ያዩ አባቶች ይሄን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ምንጮቻችንም ከዛው ነው የሚነሡት፣ ሣሩ ጉሙንና ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ነው በጋ ላይ ታች ያለው መንደር ውሃ የሚቀዳው። ሣሩ ተራቁቶ ምንጩ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ካለ ምንጩ የደረቀባቸውን አካባቢዎች ሄዶ ይይ።

ቀይ ቀበሮውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም የትም የለም፣ በአገሪቱ በሙሉ ያሉት አዋቂዎች ተደምረው 500 አይሞሉም፣ ከነሱ ጥቂቶቹ የኛ ጎረቤቶች ናቸው። እረኞቻችን ቀበሮው ጭላዳ ዝንጀሮ መሀል ገብቶ ሳይበጠብጥ አብሮ እንደሚውል ድሮም ያውቁታል፣ ተመራማሪዎች ደግሞ እዚሁ ጓሳ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት መሠረት ቀበሮው ጭላዳው መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25ቱ ብቻ። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ሣሩ ሲኖር ነው፣ ሣር ከሌለ አይጥም የለም ቀበሮም የለም። እግረ መንገዴን፣ አገር ቤት ውሻ ያላችሁ አስከትቡልን። የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮውን ከማንም ሰው በላይ እየጨረሰው ያለ ነገር ነው፣ ለልጆቻችሁም ይጠቅማል።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ኮሚቴው ባለፈው ያዋጣችሁትን ምን አደረገው የሚል ጥያቄ ከብዙ ሰው መጥቷል፣ መጠየቃችሁ መብታችሁ ነው፣ ሳትጠይቁ ብትሰጡን ኖሮ ነበር የምንፈራው። በዛ ብር የድንጋይ ግድግዳው ተሠርቷል፣ ዛሬም አንድ ስንጥቅ የለበትም፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ወለሉ ተለስኗል፣ ምድጃው ተሠርቷል፣ ሁለት ፈረስ ተገዝቷል፣ ለስካውቶቹ የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ ተገዝቷል። ፈረስ ለምን አስፈለገ ያላችሁ አላችሁ። ከዳር እስከ ዳር በእግር ዞሮ መመለስ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ በፈረስ ግን እሳት ታየ ሲባል ቶሎ ይደረሳል። ለትራንስፖርት የወጣው በዛ ላላችሁትም፣ እንጨቱን ታች ካለው ባህር ዛፍ ገዝተን ነው ያስጫንነው፣ መኪናው የሚደርስበት ቦታ ስለሚያበቃ ከዛ በላይ በአህያና በሰው ሸክም ነው የወጣው፣ ከጥብቁ ቦታ አንድ የአስታ እንጨት አልቆረጥንም። ደረሰኙ ሁሉ አለ፣ ገንዘብ ያዣችን ጋር በፋይል ተቀምጧል፣ ለማንኛውም አዋጪ ክፍት ነው።

"ለምን በጓሳ አልተከደነም፣ ጓሳ ቢሆን ንፋስ አይወስደውም ነበር" ያሉን አባቶች አሉ። ልክ ናችሁ አባቶቼ፣ ጓሳ ይበረታል። ግን ቤቱ ሲሠራ ሣሩ ዝግ ነበር፣ ዛሬም ዝግ ነው። የጠባቂ ቤት ለመክደን ዝጉን ሣር ካጨድን ነገ ሌላውን በምን አፋችን አትጨድ እንለዋለን? ቆርቆሮውም ርካሽ ተገዝቶ አይደለም፣ ገበያ ላይ ቀጭኑ 35 ጌጅ እያለ እኛ ወፈር ያለውን 30 ጌጅ ነው ያስገባነው። ያን ሌሊት የነፈሰው ንፋስ እድሜ የጠገቡ የሰፈሩን ዛፎች ነቅሏል። አናጺው አይቶ እንደነገረን ግድግዳው አይነካም፣ አሁን የሚሠራው ማገሩ እንዲጠጋጋ፣ ወራጁ በብረት ሽቦ ከድንጋዩ ጋር እንዲታሰር፣ በሚስማር ፈንታ ባለ ጎማ ብሎን እንዲገባበት ነው። ለዛም ነው ወጪው ከበፊቱ ጣሪያ የሚበልጠው።

በጠቅላላ የሚያስፈልገን 340 ሺህ ብር ነው። እስካሁን የገባው 118 ሺህ። ባለፈው ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ ቃል የገባችሁ ብዙ ናችሁ፣ ጸሐፊው ስማችሁን መዝግቧል፣ የከፈላችሁት ግን ከግማሽ በታች ናችሁ። ኑሮው እንዴት እንደከበደ እናውቃለን፣ እኛም ያው ከናንተው ጋር ነው የምንኖረው፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት አለ። ግን በየሳምንቱ ስልክ እየደወሉ መለመን ኮሚቴውን አድክሞታል፣ ሁለት አባሎቻችን ከዚህ በኋላ አልችልም ብለው በሽምግልና ነው የመለስናቸው። ቃል የገባችሁት ብቻ ብትከፍሉ ጣሪያው ሊያልቅ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቃል ያልገባችሁ ደግሞ የሺህም ይሁን የመቶ ብር የአቅማችሁን፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። መንግሥት ይሥራው፣ ድርጅት ይሥራው የምትሉ አላችሁ፣ ጠይቀናል፣ ደብዳቤም አስገብተናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው፣ ክረምቱ ግን መልስ አይጠብቅም።

የሃይማኖት ሰዎች ነን። መጽሐፉ ሰውን "ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ" በገነት አኖረው ይላል፣ ጠብቅ የተባልነውን ነው የምንጠብቀው። በየአጥቢያው ያላችሁ ካህናት አባቶች ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ብታሳስቡልን፣ ሰንበቴና ማኅበር ያላችሁ ጽዋችሁ ላይ ብታነሡት፣ እድር ያላችሁም ስብሰባችሁ ላይ አምስት ደቂቃ ብትሰጡን ትልቅ እገዛ ነው። ቆላ ያላችሁ ሙስሊም ወንድሞቻችንም በድርቅ ዘመን ከብታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁበት ጊዜ ነበር፣ ጓሳ የናንተም ነው፣ እንደ እንግዳ አትዩት።

ገንዘብ ለሌለው ጉልበት አለ። ቆርቆሮው ሲመጣ መኪና ከሚያቆምበት እስከ ቤቱ የሚሸከም ሰው እንፈልጋለን፣ አህያ ያለው አህያውን፣ የሌለው ትከሻውን። አዲስ አበባ ያላችሁ አናጺዎችም ሁለት ሦስት ቀን ብትሰጡን ምግብና ማደሪያ በኛ ነው፣ ብርድ ልብስ ግን ይዛችሁ ኑ።

ክፍያውን ደግሜ ልናገር፣ ስለምሰጋ ነው አትሰልቹኝ። ንግድ ባንክ፣ በኮሚቴው ስም፣ በደረሰኙ ጀርባ ያለው ቁጥር። በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ሊቀ መንበሩ ብቻውን አንድ ብር ማውጣት አይችልም። በቴሌብር የምትልኩም በቀጥታ ወደዛው ባንክ ሂሳብ አስተላልፉ፣ ወደ ማንም ሰው የግል ስልክ አትላኩ፣ ወደኔም ቢሆን። ውጭ ያላችሁ በባንክ በኩል ላኩ፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ "ጓሳ ጣሪያ" ብላችሁ ሙሉ ስማችሁን ጻፉ፣ ባለፈው ስም ሳይጻፍ የገባ ብር ነበር፣ የማን እንደሆነ ለማወቅ ስንደክም ነው የከረምነው። ከላካችሁ በኋላ ደረሰኙን ፎቶ አንሥታችሁ ለገንዘብ ያዣችን ላኩ፣ የኛ ደረሰኝ ቁጥር ይቆረጥላችኋል። ካልተቆረጠላችሁ ዝም አትበሉ፣ ጠይቁ።

አናጺው እስከ ግንቦት 20 ቆርቆሮው ቦታው ላይ ከደረሰ ሰኔ ሳይጋመስ ጨርሼ እወርዳለሁ ብሏል። ከዛ ካለፈ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን እስከ መስቀል መኪና አይገባም፣ ልጆቹም ክረምቱን ሙሉ ከጥብቁ ቦታ ወርደው ነው የሚከርሙት። ስለዚህ ያላችሁን እስከ ግንቦት 10 አስገቡልን፣ በ11 ቆርቆሮ ልንገዛ ነው የምንሄደው፣ የገባውን ሁሉ ከነስሙ በዛው ሳምንት እናሳውቃለን። ቁጥሩ በደረሰኙ ጀርባ ያለው ነው፣ አልተቀየረም። እግዚአብሔር ይስጥልን።