ቀለበቱን ከማዞርህ በፊት

ይድረስ ለወንድምዓለም፣ ባሕር ዳር

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ አትቀየመኝ፤ ናፍቆትህ ከልቤ ወጥቶ አያውቅም። ካሜራ መግዛትህን ከሰማሁ ወዲህ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሌንስህ በትንሽ ነገር እንዲበላሽብህ አልፈልግምና።

በሌንሱ ጎን ተንሸራታች ማብሪያ አለች። ካኖን ላይ «ኤኤፍ» እና «ኤምኤፍ»፣ ኒኮን ላይ ብዙ ጊዜ «ኤ» እና «ኤም» ይላል። የመጀመሪያው አውቶ ነው፤ ፎከሱን፣ ማለትም የምስሉን ጥራት፣ ካሜራው ራሱ ያስተካክላል። ሁለተኛው ማኑዋል ነው፤ አንተ ቀለበቱን በእጅህ እያዞርክ ታስተካክለዋለህ። አውቶ ላይ እያለ የፎከስ ቀለበቱን አትንካ። ከካሜራ ጋር አብሮ በሚሸጠው የድሮው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ውስጥ ያለችው ሞተር ትንሽ ናት፤ ከቀለበቱ ጋር የምትገናኘውም በጥቃቅን ጥርሶች ነው። በግድ ስታዞረው ጥርሶቹ ይበላሉ፤ ከዚያ በኋላ ክርርር እያለ ይዞራል እንጂ ፎከስ አይዝም። የዚያ ሌንስ ጫፍ ፎከስ ሲፈልግ ራሱ ስለሚዞር ግራ እጅህ ሰፊውን የዙም ቀለበት ይያዝ፣ ጫፉን አይጨብጥ።

ሁሉም ሌንስ እንዲህ አይደለም። ኒኮን ላይ «ኤም/ኤ» የሚል ካየህ በአውቶ ላይም ብታዞረው አይጎዳም። ካኖን «ኤስቲኤም» ብሎ የጻፈባቸው ሌንሶች ቀለበት ደግሞ ሞተሩን የሚያዘው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ካሜራው ከጠፋ ብታዞረውም ምንም አይለወጥም። የ50 ሚሊሜትሩ ኤስቲኤም ጫፍ ወጥቶ ከቀረ በእጅህ ገፍተህ አታስገባው። ካሜራውን አብራ፣ ወደ ኤምኤፍ አድርግ፣ ቀለበቱን እያዞርክ መልሰው።

አሁን ወደ አነሳሱ ልምጣ። አውቶ ፎከስ የሚይዘው የጠቆረውና የነጣው የሚለያይበትን መስመር ነው። ነጠላ የለበሰች እናት ስታነሳ በመመልከቻው የምታያት የፎከስ ነጥብ ነጩ ላይ ካረፈች ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል፤ ጥለቱ ላይ አድርግለት፣ ወዲያው ይይዛል። ፊት ከሆነ ወደ አንተ የቀረበው ዓይን ላይ። ለዚህ ካሜራው ራሱ ነጥብ እንዲመርጥ አትተወው፤ አንድ ነጥብ ብቻ ምረጥና የማንሻውን ቁልፍ (ሹተሩን) በግማሽ ተጭነህ ጠብቅ።

ጢስ ዓባይ ላይ ግን አውቶው ያታልልሃል። ፏፏቴውን ትቶ ከፊትህ የሚንሳፈፈውን ጉም ይይዛል። ከፏፏቴው እኩል ርቀት ላይ ያለ ጥቁር ድንጋይ ወይም ግንድ ፈልግ፣ በአውቶ ያዘው፣ ከዚያ ማብሪያዋን ወደ ማኑዋል ገፍተህ ቀለበቱን ሳትነካ አንሳ። ከዚያ ወዲያ ዙሙን አትለውጥ፤ በብዙ ሌንሶች ዙም ሲለወጥ ፎከሱም ይሸሻል። የሌንሱን መስታወት ቶሎ ቶሎ በንጹሕ ጨርቅ አብስ፤ እዚያ ቆመህም ሌንስ አትቀይር፣ ርጥበቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ለማንሳት ከሄድክ ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚይዘው ተከታታይ ፎከስ ነው፤ ኒኮን «ኤኤፍ-ሲ»፣ ካኖን «ኤአይ ሰርቮ» ይለዋል፤ የሹተሩን ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አታውርድ። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ፈረሱ የሚያልፍበትን ቦታ አስቀድመህ ይዘህ ወደ ማኑዋል መቀየርና እዚያ ሲደርስ መጫን ነው። አቧራው ሲነሳ አውቶው አቧራውን ይይዝብሃልና።

ዘጌ ገዳማት ውስጥ ማንሳት ከተፈቀደልህ ፍላሽ አታብራ። አንዳንድ የካኖን ካሜራዎች በጨለማ ፎከስ ለመያዝ ፍላሹን ራሳቸው ብልጭ ብልጭ ያደርጉታል፤ ከሜኑው አስቀድመህ አጥፋው። ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ (ትራይፖድ) ላይ አድርግ፣ ምስሉን በጀርባው ስክሪን የሚያሳየውን ላይቭ ቪው ክፈት፣ የሥዕሉን ዓይን 5 ከዚያም 10 ጊዜ አጉላ፣ በኤምኤፍ ቀለበቱን ቀስ ብለህ አዙር፤ የቅንድቡ መስመር ጥርት ሲል ቀለበቱን ትንሽ አሳልፈህ መልሰው። እንዲህ ካላለፍክ ጥርት ያለበትን ትክክለኛ ቦታ አታውቀውም። በመመልከቻው ቀዳዳ የምታይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ መዘውር እያዞርክ ውስጥ የተጻፉት ቁጥሮች ጥርት እንዲሉ አድርግ፤ አለዚያ የዓይንህን ብዥታ በሌንሱ ልታስተካክል ትደክማለህ።

ጣና ላይ ታንኳ ስታነሳ ፀሐይን በመመልከቻው ቀዳዳ አትይ፤ በተለይ በረጅም ሌንስ ዓይንህን ያሳውርሃል።

ሥራህን ስትጨርስ ማብሪያዋን ወደ አውቶ መልስ። በማኑዋል ቀርታ ነገ ሰርግ ላይ ሁሉም ፎቶ ብዥ ካለብህ ሙሽሮቹ ዳግመኛ አይቆሙልህም።

ያነሳኸውን ላክልኝ፣ ከነስሕተቱ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ናፋቂህ