ጉዳዩ፦ በስህተት የተመዘገበ የድንገተኛ ፍሬን ሪፖርት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ባለፈው ሰኞ «የታረመውን ሪፖርት እስከ ሐሙስ እንልክልዎታለን» ብለው በስልክ ቃል የገቡልኝ እርስዎ ራስዎ ነበሩ። ሐሙስ አልፎ ዓርብም ሲመሽ ምንም ስላልደረሰኝ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮአችሁ ድረስ ለመምጣት ተገድጃለሁ።

መኪናዬ ላይ የገጠማችሁት የፍጥነትና የፍሬን መከታተያ መሣሪያ ያወጣው ሪፖርት አይሱዙዬ ወደ ቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ሲቃረብ በ5 ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱን በሰዓት ከ72 ኪሎ ሜትር ወደ 54 መቀነሱን ይገልጽና «3.6 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር፣ ድንገተኛ ፍሬን» ይላል፤ ይህ መለኪያ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በስንት ሜትር በሰከንድ እንደተለወጠ የሚያሳይ ነው። በመስኮቱ የነበረው ሠራተኛችሁ ካልኩሌተሩን አውጥቶ ከ72 ላይ 54 ቀነሰ፤ ያገኘውን 18 ለ5 አካፈለና ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዙሮ «ይኸው 3.6፤ ሲስተም አይሳሳትም» አለኝ። «3.6 ምን?» ብዬ ስጠይቀው «ያው ነው» ብሎ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

ያው አይደለም፤ የእሱ 3.6 በየሰከንዱ የቀነሰው ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ ሜትር በሰከንድ የሚለወጠው ለ3.6 ተካፍሎ በመሆኑ 72ቱ 20፣ 54ቱ ደግሞ 15 ይሆናሉ፤ የ5 ልዩነት ለ5 ሰከንድ ሲካፈል 1 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ እየቀነሰ ስለሆነም ኔጌቲቭ ምልክት ሊኖረው ይገባ ነበር። መኪናው በእነዚያ ሰከንዶች 87 ሜትር ተኩል ያህል ተጉዟል፤ ከመቂ ከጫነው ቲማቲም ከላይኛው ሳጥን አንድ ፍሬ እንኳ አልወደቀም። በውላችን የተቀመጠው ጣሪያ 3 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ሆኖ ሳለ፣ በእናንተ ስሌት ግን ጣሪያው በየሰከንዱ 3 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስለሚሆን፣ ለ3.6 ሲካፈል 0.83 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ያለፈ ሁሉ ጥፋተኛ ይባላል።

ይህን ሪፖርት አምኜ የሾፌሬን የወር ጉርሻ 1500 ብር ያዝኩበት። ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው «ጋሼ፣ ፍሬኑን ነካ ነው ያደረግሁት» ሲለኝ አላመንኩትም።

ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ መሣሪያውን የገጠሙት ልጆች ገመዱን ከዳሽቦርዱ ሥር አንጠልጥለው መሄዳቸውን፣ መኪናው ግቢ ቆሞ ሳለ ከሌሊቱ 9 ሰዓት «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ» የሚል መልእክት መላካችሁንም አስታውሳችኋለሁ።

ስለዚህ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ይህ ሪፖርት እንዲታረም፣ መሣሪያው ከተገጠመ ጀምሮ የወጡት የፍሬን ሪፖርቶች ሁሉ እንደገና እንዲሰሉ፣ የዚህ ወር ክፍያዬም እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ ውሉን አቋርጬ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አቤት እላለሁ። ለሾፌሬም ማኅተም ያለበት የይቅርታ ደብዳቤ በስሙ ይጻፍለት። 1500 ብሩን እኔ መልሼለታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የተሽከርካሪው ባለንብረት

ግልባጭ፦ ለሾፌሬ