ለደንበኞቻችን፦ ያለ ኤርዝ ቻርጀር መግጠም ለምን እንዳቆምን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ወር ጀምሮ ኤርዝ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦና ዘንግ) በሌለው ቤት የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር አንገጥምም። ከነባር ሶኬት ወይም ከምጣድ መስመር ላይ ቀጥሎ መሥራትም አቁመናል። ቀብድ ከፍላችሁ ቀን ስትጠብቁ የነበራችሁ ደንበኞች ይህን በስልክ ሳንነግራችሁ ባለሙያችን ደጃችሁ ደርሶ መመለሱ የእኛ ጥፋት ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውሳኔውን ግን አናነሳም። «ዋጋ ለመስቀል ያመጡት ሰበብ ነው» የሚል መልእክት ደርሶናል፤ «ሌላው በሦስት ሰዓት ውስጥ ገጥሞልኝ ሄደ፣ እናንተ ምን ሆናችሁ?» ያሉንም አሉ። እውነቱን ለመናገር ሆድ ብሶናል። ከጄኔሬተርና ከውሃ ፓምፕ ጥገና ተነስተን እዚህ የደረስነው በእናንተ አፍ እንጂ በማስታወቂያ አይደለም። ስለዚህ ሰበብ ነው የተባለውን ነገር እንደሚሠራ አድርገን እንዘርዝረው።

ቻርጀር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኤርዝ መኖሩን ይፈትሻል። ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል። ብዙ የአዲስ አበባ ቤት ደግሞ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ይኑረው እንጂ ሦስተኛው ሽቦ ግድግዳው ውስጥ የትም አይደርስም። እዚህ ላይ ነው የሦስት ሰዓቱ ሥራ የሚመጣው። ከኒውትራሉ፣ ማለትም ከኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ፣ አንዲት አጭር ሽቦ ወደ ኤርዙ ተርሚናል ይዘረጋሉ፤ ቻርጀሩ ይታለላል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ መኪናው ይሞላል። ለወራትም ምንም ላይሆን ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ኒውትራሉ አንድ ቦታ የተቋረጠ ቀን ነው፤ ከምሰሶው ላይ በንፋስ ወይም ከቆጣሪው ሥር በላላ ብሎን። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ በበራ አምፖልና በፍሪጅ በኩል አልፎ የመጣው 220 ቮልት መመለሻ ያጣና በዚያች አጭር ሽቦ አድርጎ የመኪናው ቆርቆሮ ላይ ይቀመጣል። ምሰሶ ላይ ጥገና ተደርጎ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል ሲቀያየሩም ውጤቱ ያው ነው። ጎማው ላስቲክ ስለሆነ መኪናው ዝም ብሎ ይቆማል። የሚያገኘው በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ መኪና የሚያጥብ ሰው ነው፤ ወይም ልጅ። «ብሬከር አለው እኮ» ትሉን ይሆናል። ብሬከር ፌዝና ኒውትራልን ይቆርጣል እንጂ የኤርዝ ሽቦን አይቆርጥም። ሽቦዋ የተቀጠለችው ከብሬከሩ በፊት ከሆነ እሱ ወርዶም ቆርቆሮው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ አይጠፋም።

ይህን ሥራ በእኛ ስም ትቶ የሚወጣ ባለሙያ የለንም። አንቀጥርምም።

ኤርዙን ራሱ እንዴት እንደምንሠራ ደግሞ ይኸው። መዳብ የተለበጠ ባለ 1.5 ሜትር ዘንግ እንተክላለን፤ ወደ መሬት የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚገታው ተቃውሞ በመለኪያ ከ10 ኦም በታች እስኪወርድ ሁለተኛና ሦስተኛ እንጨምራለን። በዘንጎቹ መካከል ቢያንስ የአንዱን ቁመት ያህል ርቀት መኖር አለበት፤ ተጠጋግተው ከተተከሉ እንደ አንድ ነው የሚሠሩት። ቦሌና አቃቂ አካባቢ ያለው ዋልካ አፈር በክረምት ጥሩ ቁጥር ያሳያል፣ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይላቀቃል። በነሐሴ የለካነውን በየካቲት ተመልሰን የምንለካው ለዚህ ነው፤ ለዚያ ጉዞ አናስከፍልም። እንጦጦ ሥር ባለው ድንጋያማ መሬት ደግሞ ዘንጉ ግማሽ ሜትር ላይ ይቆማል፣ አግድም መቅበር ይመጣል፤ ይህ ሥራውን አንድ ቀን ያስረዝመዋል። ጨው ጨምሩበት የምትሉን አላችሁ። ጨው ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል፣ እስኪታጠብ ድረስም ዘንጉን ይበላል።

ሁለተኛው ቅሬታ የገመዱ ነው። «ምጣዴ በዚሁ መስመር ስንት ዓመት ሠርቷል፣ መኪናው ለምን አይሠራም?» ምጣድ ይግላል፣ ያርፋል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ግን 32 አምፔር ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳያርፍ ይጎትታል። በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ይህን መሸከም አይቻልም። እኛ የምንዘረጋው ከቆጣሪው ሥር የሚነሳ፣ ለብቻው የሆነ ባለ 6 ካሬ የመዳብ ገመድ ነው። ርቀቱ ከ30 ሜትር ከበለጠ 10 ካሬ እናደርገዋለን፤ በ30 ሜትር ላይ ባለ 6 ካሬው ብቻውን ወደ 6 ቮልት ይበላል፣ ማታ ላይ መብራት በሚደክምበት ሰፈር ደግሞ ይህ 6 ቮልት ቻርጀሩን ለማስቆም ይበቃል።

የሚቃጠለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። አንድ ላላ ያለ ብሎን 0.1 ኦም ብቻ ቢጨምር፣ በ32 አምፔር ከ100 ዋት በላይ ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይወጣል፤ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል አብርቶ እንደ መዝጋት ማለት ነው። ከምሰሶ የሚመጣው ሽቦ አሉሚኒየም ስለሆነ ከመዳብ ጋር ተጠቅልሎ በቴፕ ከታሰረ በአንድ ክረምት ይዝጋል። ለሁለቱም ብረቶች የተሠራ ማገናኛ እንጠቀማለን፣ ከሥራ በኋላ በሳምንቱ ተመልሰን እናጠብቀዋለን። በአዳፕተር ላይ አዳፕተር ደርቦ የቻይናውን ስፒና ሶኬት ላይ መሰካትንም እባካችሁ ተዉት፤ መጀመሪያ የሚቀልጠው እሱ ነው።

የምንገጥመው ብሬከር 40 አምፔር የሆነው 32 ጠፍቶ አይደለም። 32 አምፔር ለሰዓታት በሚያልፍበት ቦታ ባለ 32 ብሬከር ይግልና ሌሊት ላይ ይወርዳል። ከዚያም በላይ እነዚህ ዕቃዎች የተለኩት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እንደ ታች አገር አይቀዘቅዙም። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጠው ሾክ መከላከያም ተራው አይሆንም። መኪናው ወደ መስመሩ የሚመልሰው ቀጥተኛ ፍሰት (ዲሲ) ተራውን መከላከያ ያደነዝዘዋል፤ ስለዚህ 6 ሚሊ አምፔር ቀጥተኛ ፍሰት የሚለይ ቻርጀር ወይም ቢ የሚባለውን የሾክ መከላከያ ዓይነት እንመርጣለን። ውድ ነው፤ ግን ከዚህ የረከሰው ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም።

ስለ ዋጋ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የገመድ ዋጋ የቆመበትን ቦታ እኛም አናውቅም። የምንሰጣችሁ ዋጋ አምስት ቀን ብቻ የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው። ገመዱን ራሳችሁ ግዙ፣ ደስ ይለናል፤ መዳብ መሆኑን ጫፉን ፋቅ አድርጋችሁ እዩ፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና አትቀበሉ። የጉልበት ዋጋችን ላይ የጨመርነው የኤርዙን ሥራ ብቻ ነው።

ገንዘብ ብቻ ብንፈልግ ኖሮ የሚከተለውን አንነግራችሁም ነበር፦ አብዛኞቻችሁ 7 ኪሎ ዋት አያስፈልጋችሁም። ቻርጀሩን ወደ 16 አምፔር ዝቅ ብናደርገው 3.5 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ገባ ማለት ነው፤ ከብክነቱ በኋላ በከተማ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ከሰሚት ፒያሳ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው። ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ላላችሁ ደግሞ ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ መኪናው 32፣ ምጣዱ 16፣ ቦይለሩ 8 አምፔር ከያዙ ድምሩ 56 ነው፣ ዋናው ብሬከር አይችለውም። ሦስት ፌዝ ለማስገባት ማመልከቻው የሚቀርበው በአካባቢያችሁ ባለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ነው፤ የጭነቱን ስሌት እኛ ጽፈን እንሰጣለን።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ አናወርድም። ከምድር ቤቱ የቆጣሪ ሰሌዳ ላይ ከራሳችሁ ቆጣሪ በኮንድዊት (በገመድ ማሳለፊያ ቱቦ) እናመጣለን፤ ለዚህ የነዋሪዎች ማኅበሩ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ቀብድ ለከፈላችሁ፦ ሥራው በነባሩ የጉልበት ዋጋ ይሠራል፣ የኤርዙን ጉልበት እኛ እንችላለን፣ ዘንጉንና ሽቦውን ብቻ ትከፍላላችሁ። መተው ለምትፈልጉ ቀብዱ ሳይቆረጥ ይመለሳል። ሌላ ሰው አስገጥማችሁ የተጠራጠራችሁም ጥሩን። ኤርዙን በነጻ እንለካለን፤ የማን ሥራ ነው ብለን አናነሳም። ብትቆዩልን ደስ ይለናል፤ ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው፣ እያንዳንዳችሁ ስትሄዱ ይታወቀናል።

ከመምጣታችን በፊት የቆጣሪውንና የዋናውን ብሬከር ፎቶ፣ ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው ያለውን ርቀት በሜትር፣ እንዲሁም የመኪናውን መሙያ ቀዳዳ ፎቶ ላኩልን። የቻይናውና የአውሮፓው ሁለቱም ሰባት ቀዳዳ ስላላቸው ይመሳሰላሉ፣ ግን አይገጥሙም፤ ቻርጀር ገዝታችሁ እንዳትሳሳቱ። በሥራው ቀን መብራት ለአንድ ሰዓት ያህል እናጠፋለን፤ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩን፣ በማግስቱ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ባለሙያዎቹ