ጉልቻ ቢለዋወጥ ሻጋታው አይለቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ እንጆሪ በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ብዙው ልክ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተስማማሁም። በሽታው መድኃኒቱን እንዳይላመደው «እየቀያየራችሁ ርጩ» ይልና የመድኃኒት ስም ይደረድራል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ከተደረደሩት ውስጥ ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ የሆኑ አሉ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ? ሦስት የተለያየ ጠርሙስ ገዝቶ በየተራ የረጨ ገበሬ፣ እየቀያየርኩ ነው ብሎ ልቡ ሞልቶ፣ ሦስቴም ፈንገሱን በዚያችው በአንዷ ቦታ ብቻ መትቶት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የንግድ ስሙን ተዉትና ቁጥሩን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመ ፍራክ የሚባል ቡድን አለ፤ ፀረ ፈንገሶችን ፈንገሱን በሚመቱበት መንገድ እየመደበ ቁጥር ይሰጣቸዋል። በብዙ አገር ቁጥሩ መለያ ወረቀቱ ላይ ይታተማል። አዞክሲስትሮቢንም ፓይራክሎስትሮቢንም 11 ናቸው። ቦስካሊድና ፍሉዮፓይራም 7። ፌንሄክሳሚድ 17፣ ፍሉዲኦክሶኒል 12። ከ11 ወደ 11 መሄድ መቀየር አይባልም፣ በቃ። ደግሞ ሰው የሚሸወድበት ሌላ ነገር አለ፦ ሁለት መድኃኒት በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅሎ ሲሸጥ ሁለት ቁጥር ይይዛል። ባለፈው ሳምንት 7 እና 11 የተቀላቀለበትን ረጭታችሁ ዛሬ 7 ብቻውን ከረጫችሁ ደገማችሁት ማለት ነው። እናንተም ወደፊት የመድኃኒት ስም ስትጽፉ ቁጥሩን ጎኑ ላይ ብታስቀምጡት ትልቅ ውለታ ነው፣ ቦታም አይፈጅባችሁም።

ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ ለሚል ሰው ግራጫ ሻጋታን ልጥቀስለት፣ ቦትራይቲስ የሚባለውን። እንጆሪ፣ ራዝቤሪ፣ ብላክቤሪ፣ ብሉቤሪ አይመርጥም፣ ሁሉንም ያበሰብሳል። ከአንድ የበሰበሰ ፍሬ ላይ የሚነሳው የሻጋታው ዘር፣ ያ ብናኙ፣ ስፍር ቁጥር የለውም። ከዚያ ሁሉ መሀል በአጋጣሚ ትንሽ ለወጥ ብሎ የተፈጠረ አይጠፋም። ቁጥራቸው 11 በሆኑት ላይ ለምሳሌ መድኃኒቱ በሚያርፍበት የፈንገሱ ፕሮቲን ላይ 143ኛዋ ቦታ ብቻ ስትቀየር ነገሩ ያበቃል፤ መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር ያጣል። ሌላው ሲሞት ያ ይተርፋል፣ ይራባል፣ በሚቀጥለው ርጭት ደግሞ ማሳው የእሱ ልጆች ብቻ ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱ ላይ «ዘንድሮ አልሠራም» ብሎ መጠኑን እጥፍ ማድረግ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

አዲስ ነገርም አይደለም። ቤኖሚልና ዘመዶቹ፣ ማለትም ቁጥር 1፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ገበያ ሲገቡ ተአምር ተባለላቸው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግራጫው ሻጋታ ተላመዳቸው። የተላመደው ዘር ዛሬም ማሳ ላይ ይገኛል። መድኃኒቱን ለተወሰነ ጊዜ ብንተወው ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል የሚሉ ሰዎችን ስሰማ ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ።

እውነቱን ለመናገር ቁጥር ማፈራረቅም ብቻውን አያድንም። አሁን ያለው ሻጋታ የሦስት የአራት ቁጥር መላመድ በአንድ ገላው ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ካለ 7 ብትረጩ እሱ ነው የሚተርፈው፣ 11 ብትረጩም እሱ ነው፣ 17 ብትረጩም ያው ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር የርጭቱን ብዛት መቀነስ ነው። መሠረቱ እንደ ካፕታን ያለው አሮጌ መድኃኒት ይሁን። ካፕታን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለ፣ ሰው ይንቀዋል። ግን ፈንገሱን ብዙ ቦታ ላይ ስለሚመታ መላመዱ ከባድ ነው። የሚከላከል እንጂ የሚያድን አይደለም፣ ቀድሞ መረጨት አለበት፣ ዝናብም ያጥበዋል። ደግሞ አመዳይ የመሰለውን ነጭ በሽታ አትጠብቁበት፣ ለዚያ ድኝ ይሻላል።

ውዶቹን ቁጥሮች፣ እነ 7ን፣ 11ንና 17ን፣ ለአበባ ጊዜ አስቀምጡ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ግራጫ ሻጋታ በአብዛኛው የሚገባው በአበባው በኩል ነው። ገብቶም ዝም ይላል። ፍሬው አረንጓዴ እያለ ምንም አይታይም፤ ሲቀላ ግን አንገቱ ሥር፣ የደረቀ የአበባ ቅጠል የተጣበቀበት ቦታ ላይ ቡናማ ነጥብ ይወጣል፣ ከዚያ ያ ግራጫ ፀጉር። ፀጉሩን ዓይቶ ፓምፕ የሚሸከም ሰው ሁለት ጥፋት ነው የሚያጠፋው። ፍሬውን አያድነውም፣ በዚያ ላይ መድኃኒቱን ዘሩ በበዛበት ሰዓት አምጥቶ የማይሞተውን ምረጥ ይለዋል፤ ለመላመድ ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም። አበባ ባለበት፣ ሙቀቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ በሆነበት፣ ቅጠሉም ለሰዓታት ርጥብ ሆኖ በሚቆይበት ቀን ርጩ። ደረቅ ሳምንት ከሆነ ተዉት፣ ቀኑ ደረሰ ተብሎ አይረጭም። አንዱን ቁጥር በአንድ ወቅት ከሁለቴ በላይ አለመድገም ጥሩ ልማድ ነው። መለያው ከዚያ ያነሰ ካለ ደግሞ እሱን ስሙ።

የቀረው የጽዳት ነገር ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይሰንፍበታል። የሞተ ቅጠል ይነሳ፣ ውኃ ከላይ ሳይሆን በጠብታ ይሁን፣ ናይትሮጂን አይብዛ፣ ተክሉ አይተፋፈን። ለቃሚዎች ጥሩ ጥሩውን ይዘው የበሰበሰውን መስመሩ መሀል ሲጥሉት ዝም አይባልም፣ ለብቻው ባልዲ ይያዝለት።

ችግኝ ላይ ሳልደርስ እንዳልተወው። እንጆሪ ከችግኝ ጣቢያ ሲመጣ ሻጋታውም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ጣቢያው ደግሞ ችግኙ ንጹሕ ሆኖ እንዲሸጥለት ደጋግሞ ይረጫል። ገበሬው አንድም ጠብታ ሳይረጭ የተላመደ ሻጋታ ተቀበለ ማለት ነው። በእኔ እምነት ችግኝ የሚሸጥ ሁሉ ምን ምን ቁጥር ስንት ጊዜ እንደረጨ ጽፎ ከችግኙ ጋር መስጠት አለበት። እስከዚያው ገዢው ራሱ ይጠይቅ። 11 በተደጋጋሚ ረጭተናል ካሉት፣ የራሱን ወቅት በ11 አይጀምር።

የዘወትር አንባቢያችሁ