ሠንጠረዡ ላይ ያለው «ጅማ» ዞኑ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቡና የውጭ ንግድ ታሪክ ባወጣችሁት ጽሑፍ «ጅማ» በሚለው ረድፍ የሰፈረው አኃዝ በሙሉ የጅማ ምርት ተደርጎ ተቆጥሯል። ስሌቱ በሁለት በኩል ይሳሳታል።

ወደ ውጭ በሚላክ ቡና ሰነድ ላይ «ጅማ» የቡናው ዓይነት መጠሪያ ነው። ከኢሉባቦር፣ ከከፋና ከቤንች በኩል የመጣ ደረቅ ቡና ለረጅም ዘመን «ጅማ 5» (5 ደረጃው ነው) ተብሎ ሲላክ ኖሯል። በአንጻሩ ጎማና ሊሙ ኮሳ የተለቀመ እሸት ታጥቦ ሲዘጋጅ «ሊሙ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሁለቱም ወረዳዎች ግን ጅማ ዞን ውስጥ ናቸው። ረድፉ የሰውን ደምሮ የራሳችንን ጥሏል ማለት ነው።

የወደብ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ ማስታወቂያ ሰነድ፣ ይህን አያቃናም። ላኪውን፣ ዓይነቱን፣ ክብደቱንና መዳረሻውን ይናገራል እንጂ ወረዳውን አይናገርም። ቡናው አዲስ አበባ በነበረው ጨረታ ላይ ተሸጦ፣ በላኪው መጋዘን ተበጥሮና ተቀላቅሎ ከወጣ በኋላ መነሻውን መለየት አይቻልም። ወረዳው የሚገኘው ከዚህ በሚነሳው መኪና መሸኛ (ጭነቱ ሲነሳ በሚቆረጥለት ወረቀት) ላይ ነው። የመሸኛው ቀሪ ቅጂ የተረፈበት ቢሮ ካለ ሳይጣል ፎቶ ይነሳ፤ የካርቦን ቅጂ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን እስክሪብቶ የተጫነበት ቦታ ይነበባል። ሲደመርም ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ) ነው ወይስ ቅሽር (የተፈለፈለ) ብሎ መለየት ግድ ነው፤ ጀንፈል ሲፈለፈል ክብደቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ደግሞም መሸኛ የተቆረጠለት ቡና ሁሉ ባሕር አልተሻገረም። ለውጭ ገበያ ደረጃውን ያላሟላው እዚሁ አገር ውስጥ ተሸጦ ተጠጥቷል።

የድሮ ነጋዴዎች ደብተር በፈረሱላ ነው። ዛሬ 1 ፈረሱላ ቡና 17 ኪሎ ስለሆነ 1,000 ፈረሱላ 170 ኩንታል ይሆናል። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ60 ኪሎ ጆንያ ስለሚቆጥር በእሱ አቆጣጠር ያው ቡና 283 ጆንያ ነው። ጆንያውን ኩንታል ብሎ ያነበበ ሰው በእያንዳንዱ 40 ኪሎ በነጻ ይመርቃል። ፈረሱላም ቢሆን ቀድሞ እንደ ዕቃውና እንደ ገበያው ይለያይ ነበር፤ ደብተሩ ውስጥ ማመሳከሪያ ሳይፈልጉ በ17 ማባዛት አያዋጣም።

ዓመቱም እንዲሁ ነው። የ1990 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 1989 እስከ ሰኔ 30 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን 1997/98 ተብሎ መጻፍ አለበት። 8 ደምሮ «1998» ብሎ የጻፈ ሰው ወደቡንም ያምታታል። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ የተነሳው በጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ስለሆነ በአብዛኞቹ ወራት አሰብ ላይ ይሠራ ነበር። የአውሮፓውያኑን 1998 ከጥር እስከ ታኅሣሣቸው ከወሰድን ግን ከግማሽ በላይ የሆነው ጊዜ የጅቡቲ ነው።

ወደ ኋላ ከተሄደ ደግሞ ጋምቤላ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም የወረደውን የምዕራብ ቡና ጅቡቲ መዝገብ ላይ የሚፈልግ አያገኘውም።

ወደፊት ከየሠንጠረዡ ሥር መስፈሪያው፣ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ ወደቡና የሰነዱ ዓይነት ቢጻፍ መልካም ነው። ለአሁኑ ያንን ረድፍ «ጅማ በሚል ዓይነት የተላከ ቡና» ብላችሁ አርሙልን።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከጅማ