ልጄ፣ የሃምሳ ኦቨሩ ክሪኬት አልቆለታል አትበለኝ

ልጄ፣ እንደምነህ? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ድሬ ሙቀቷ እንዳለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ከዚራ ዛፎች ጥላ ስር ካልሆነ ሰው አይታይም። አባትህ ጋደም ብሏል። እኔ ሽቲዬን ለብሼ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

የላክኸውን ድምፅ ሁለቴ ሰማሁት። ጆሃንስበርግ ሱቅህ አጠገብ ያሉት ሕንዶች "የሃምሳ ኦቨሩ ክሪኬት አልቆለታል፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ማን ይቀመጣል፣ አሁን ያለው ቲ20 ነው" አሉህ፤ አንተም አመንክ። አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው፤ ቲ20 ለአንድ ቡድን ሃያ ኦቨር ብቻ፣ የኔው ሃምሳ። አቦ ተው! ከኔ ልጅ ይህን መስማቴ ከነከነኝ።

ሻርጃ ሰው ቤት ስሠራ አሠሪዎቼ ሕንዶች እንደነበሩ ታውቃለህ። ሚያዝያ 14 ቀን 1990 ነው፣ በፈረንጅ 1998 (ከዚህ በኋላ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። ሦስት አገሮች በሚጫወቱበት ዋንጫ ሕንድና አውስትራሊያ እዚያው ሻርጃ ስታዲየም ተጋጠሙ። አውስትራሊያ 284 ራን (ነጥብ) አስቆጠረች፣ ሕንድ ያን ለማለፍ እየተከተለች ሳለ የአሸዋ ማዕበል መጣ። እርጥብ ፎጣ በበሩ ስር ወሸቅሁ፤ አሸዋው ግን በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ የተኮስኩትን ሸሚዝ ሁሉ አለበሰው። ጨዋታው ሲቀጥል ሕንድ ለማሸነፍ በ46 ኦቨር 276 ያስፈልጋታል፣ ለፍጻሜ ለማለፍ ግን 237 ይበቃታል ተባለ። የቤቱ አባወራ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ በእስክርቢቶ ይደምራል፣ ይቀንሳል፤ ስንት ኳስ ቀረ፣ ስንት ራን ቀረ። እኔም ካውያዬን ነቅዬ ከኋላው ቆሜ አብሬው ስቆጥር ነው ይህን ጨዋታ የተማርኩት። የሕንዱ ቴንዱልካር ብቻውን 143 መታ። ሕንድ በዚያ ምሽት ተሸነፈች፣ ግን አለፈች! ከሁለት ቀን በኋላ፣ 25 ዓመት በሞላው ዕለት፣ 134 ጨመረና ዋንጫውን ወሰዱ። ያን ቤት ለቅቄ ስንት ዓመቴ፣ ያ ጋዜጣ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ሰዎች "መሃሉ አሰልቺ ነው" ይላሉ። እኔ ደግሞ የምወደው መሃሉን ነው። በ2023 የዓለም ዋንጫ ሙምባይ ላይ አፍጋኒስታን 291 አስቆጥራ አውስትራሊያ 91 ላይ ሰባት ሰው ወጣባት፤ አሥር ከወጣ ያበቃል። ያለቀ ነገር ነበር። የአውስትራሊያው ማክስዌል ጡንቻው ተኮማትሮ መሮጥ ሲያቅተው ባለበት ቆሞ እየመታ የራሱን 201 አደረሰው፣ ሳይወጣም ቡድኑን አሸናፊ አድርጎ ጨረሰ። እሱን ዓለም አወራለት። እኔ ግን ሌላኛው ጫፍ ላይ አብሮት ይመታ የነበረውን ካሚንስን ነው የማስበው፤ 68 ኳስ ተቋቁሞ 12 ራን ብቻ። በቲ20 አንድ ቡድን ያለው 120 ኳስ ነው፤ እዚያ 68 ኳስ ይዞ 12 ያመጣ ሰው ቡድኑን ገደለ ይባላል። በሃምሳ ኦቨር ግን ያ ሰው ነው ቡድኑን ያቆመው። ወድቆ መነሻ ጊዜ ያለበት፣ ቆሞ የጠበቀ ሰውም ከመታው እኩል የሚቆጠርበት ጨዋታ እንዴት ነው አላስፈላጊ የሚሆነው?

እውነት የሆነውን አልክድህም። ጨዋታው በዝቷል። እንግሊዛዊው ስቶክስ በ2022፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ ሦስቱንም ዓይነት፣ የአምስት ቀኑን፣ የሃምሳ ኦቨሩንና ቲ20ን፣ መጫወት አልቻልኩም ብሎ ከሃምሳ ኦቨሩ ወጣ፤ ለ2023ቱ ዋንጫ ተመለሰ እንጂ። ገንዘቡም ወደ ቲ20 ሊጎቹ ሄዷል፣ ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ 2028 ላይ የሚገባውም ቲ20 ነው። ሁለት አገሮች ሦስት ጊዜ ተጫውተው በሳምንቱ ማንም የማያስታውሰው ውድድር እኔንም ያደክመኛል። የጨዋታውን ሕግ የሚጠብቀው የእንግሊዙ ክለብ ኤምሲሲም ከ2027 በኋላ እንዲህ ያለው ይቀነስ ብሏል፤ ልክ ነው፣ ይቀነስ። መቀነስ ግን መሞት አይደለም። ደግሞስ መቼ ባንድ መልክ ኖሮ ያውቃል? በ1971 ሜልበርን ላይ ዝናብ የአምስት ቀኑን ጨዋታ ሲያበላሽ የተጀመረ ነገር ነው። የዓለም ዋንጫው ስልሳ ኦቨር ነበር፣ በ1987 ሃምሳ ሆነ።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። እዚያው ከተማህ ውስጥ ዋንደረርስ የሚባል ስታዲየም አለ። ማርች 12 ቀን 2006 አውስትራሊያ እዚያ 434 አስቆጠረች፤ ከዚያ በፊት አንድም ቡድን 400 አልፎ አያውቅም። ደቡብ አፍሪካ በዚያው ቀን 438 አድርጋ አንድ ኳስ ሲቀራት አሸነፈች። የ2027 የዓለም ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ናሚቢያ ነው፣ ዋንደረርስም ከሜዳዎቹ አንዱ ነው። አፍሪካ ላይ ሲደረግ ከ2003 ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ ያን ጊዜ ጎረቤታችን ኬንያ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ነበር።

ሱቁን አንድ ቀን ለጓደኛህ ስጥና ትኬት ቁረጥ። ጠዋት ግባ፣ ውሃና ኮፍያ ያዝ፣ ከ20ኛው እስከ 40ኛው ኦቨር ስልክህን አትንካ። ማን ምን እንዳስቆጠረ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ። ማታ ስትደውል ከመጀመሪያው ኳስ ጀምረህ ትነግረኛለህ።

አባትህ ነቅቷል፣ ሻይ ላፍላለት። ሰላም ይልሃል።

እናትህ
ድሬዳዋ