ለኒው ኦርሊንስ ተጓዦች፦ ከመነሳታችን በፊት

ሰላም ለሁላችሁ!

የስፕሪንግ ብሬክ (የፀደይ የትምህርት ዕረፍት) ጉዟችን ደርሷል። ቫኖቹ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሳሉ (ስልካችሁ 5 ነው የሚለው)። በሐበሻ ቀጠሮ የሚመጣ ካለ ከወዲሁ ይንገረን፣ ጥለነው እንድንሄድ።

ወደ ኒው ኦርሊንስ (ሉዊዚያና፣ አሜሪካ) የምንሄደው ቤት ለመሥራት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታ የጎርፍ መከላከያዎቹ ተደርምሰው ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ ውኃ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ዕረፍታቸውን ባሕር ዳርቻ በመተኛት ፈንታ እዚያ መዶሻ ይዘው ያሳለፉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። አብረን የምንሠራው ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ከተባለው ቤት ሠሪ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ነው። ቤቱ በነጻ የሚታደል እንዳይመስላችሁ። የሚገባበት ቤተሰብ ራሱ በግንባታው ይሠራል፣ ከዚያም የቤት ብድሩን ይከፍላል። ስለዚህ እንደ ለጋሽ አትጀነኑ። ሚስማር መምታት ከእናንተ በተሻለ ይችሉበት ይሆናል።

ዐቢይ ጾም ላይ ስለሆንን ስለ ምግብ አንድ ነገር ልበል። የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ቀይ ቦሎቄ በሩዝ ነው። ሲያዩት የጾም ይመስላል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቋሊማ ወይም የአሳማ ሥጋ አለበት። ሳትጠይቁ አትጉረሱ! ሽሮና ትልቅ ድስት እንይዛለን። ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ረመዳን የምትጾሙም ንገሩን፣ ከባዱን ሥራ ጠዋት እናደርግላችኋለን።

ጫማ ጣት የሚሸፍን ይሁን። ሸበጥ ያደረገ ሰው ግንባታው ቦታ አይገባም። የሰፈሩንም ሰው ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ።

ቀሪውን ክፍያ እስከ ረቡዕ ለሒሳብ ያዣችን ላኩ።